24 ሺህ አርበኞች፦ በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን የዘር አድልዎ ሕግና የይስሙላ ችሎት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለታላላቆቹ መንግሥታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጉባኤ ባቀረበው የጉዳት መግለጫ፣ በወረራው ዘመን 760 ሺህ 300 ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ማጣታቸውን አስታውቋል። መግለጫው ሟቾቹን በሞቱበት ምክንያት ለያይቶ ያስቀምጣል። በጦር ሜዳ የወደቁት 275 ሺህ፣ በአርበኝነት ሲዋጉ የሞቱት 78 ሺህ 500፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፉት 30 ሺህ፣ በማጎሪያ ሰፈሮች ያለቁት 35 ሺህ፣ መንደሮቻቸው በመውደማቸው በችግር የሞቱት ደግሞ 300 ሺህ መሆናቸውን ይዘረዝራል። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም የማይጠቀስ አንድ አኃዝ ይገኛል። ይኸውም በአስቸኳይ ችሎቶች ውሳኔ የተገደሉ 24 ሺህ አርበኞች የሚለው ነው።

ይህ አኃዝ ከሌሎቹ ተለይቶ መታየት የሚገባው ነው። በእነዚህ ሰዎች ሞት ላይ ዳኛ ተሰይሟል፣ የጦር ዐቃቤ ሕግ ቀርቧል፣ አስተርጓሚ ተቀምጧል፣ የውሳኔ ወረቀትም ተፈርሟል። ውሳኔው አስቀድሞ ከሮም በቴሌግራም የተላለፈ መሆኑን ግን የወራሪው መንግሥት የራሱ መዛግብት ያረጋግጣሉ።

በዘር የተከፈለች ከተማ

በማርሻል ባዶሊዮ የሚመራው የኢጣሊያ ጦር ከደሴ በደብረ ብርሃን አድርጎ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነበር። ዛሬ ቦሌ እየተባለ የሚጠራው ሰፊ አካባቢ በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ የሚገኝ የእርሻና የግጦሽ መሬት ሲሆን፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ እስከ ጀመረበት እስከ 1950ዎቹ ድረስም በአመዛኙ እንደዚያው ቆይቷል። ከመሐል ከተማ በኡራኤል በኩል ወደ ቦሌ የሚጓዝ ሰው የሚያልፍበት የካዛንቺስ ሰፈር ግን የወረራውን ዘመን የሕግ አስተሳሰብ በስሙ ይዞ የኖረ ነው። "ካዜ" በኢጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ሲሆን፣ "ኢንቺስ" ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው የኢጣሊያ ብሔራዊ ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሲባል ኢጣሊያውያን ማለት መሆኑን መግለጽ አያስፈልግም።

ኢግናሲዮ ጉይዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ የኢጣሊያ አርክቴክቶች ያዘጋጁት የከተማ ፕላን ነጮችንና "ተወላጆችን" በተለያየ ክፍል የሚያሰፍር ነበር። የአራዳው ገበያ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት እንዲነሣ ተደርጎ ሕዝቡ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ እንዲሄድ የታዘዘ ሲሆን፣ መርካቶ የሚለው ስም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በመጓጓዣና በመዝናኛ ቦታዎችም ልዩነቱ ተግባራዊ እንዲሆን ተደርጓል።

ይህ የመኖሪያ ክፍፍል የሕጉ ክፍፍል ግልባጭ ነበር። ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የወጣው የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ የአስተዳደር ሕግ ነዋሪውን "ዜጋ" እና "ተገዥ" በማለት ከሁለት ከፈለው። ኢጣሊያዊው ዜጋ በሀገሩ ሕግ ሲዳኝ፣ ኢትዮጵያዊው ተገዥ እንደ ዘሩና እንደ ሃይማኖቱ በተለየ ሥርዓት እንዲዳኝ ሆነ። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊ ከተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ ወጣ። በ1931 ዓ.ም. "የዘር ክብርን" ለመጠበቅ በሚል ሌላ የወንጀል ሕግ የታከለ ሲሆን፣ በ1932 ዓ.ም. ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ሕፃናት የኢጣሊያ ዜግነት እንዳያገኙ በሕግ ተከለከሉ። ሰውን በሕግ ፊት በዘሩ የሚመድብ ይህ ሥርዓት በወንጀል ችሎት ውስጥ ምን ዓይነት መልክ እንደነበረው ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ጉዳዮች መረዳት ይቻላል።

"ዐመፀኛ" የምትል ቃል

ኢጣሊያ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወደ ግዛቷ መቀላቀሏን በዐዋጅ አስታወቀች። ይህ ዐዋጅ ሲወጣ ከሀገሪቱ ከፍተኛው ክፍል ገና ያልተያዘ ሲሆን፣ በምዕራብና በደቡብ የጦር ሠራዊት ነበር። ዐዋጁ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ መሣሪያ የያዘውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከተዋጊ ወታደርነት አውጥቶ "ዐመፀኛ" አደረገው። ተዋጊ ሲማረክ የጦር ምርኮኛ ነው፤ ዐመፀኛ ሲያዝ ወንጀለኛ ነው። የ24 ሺህዎቹ ዕጣ የተወሰነው በዚህች የስያሜ ለውጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለውጡ በተግባር ለመተርጎም አንድ ወር አልፈጀበትም። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ ባስተላለፈው ቴሌግራም የተያዙ ዐመፀኞች ሁሉ በጥይት እንዲደበደቡ አዟል። ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ በዐመፀኞችና ተባባሪ በሆነው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በተከታታይ እንዲካሄድ በድጋሚ ፈቀደ። እነዚህ ሰነዶች የኢትዮጵያ የፍርድ ሚኒስቴር በ1949 እና በ1950 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ባሳተመው የኢጣሊያ የጦር ወንጀል ሰነዶች ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቅጽ የወራሪውን የራሱን ቴሌግራሞችና ሰርኩላሮች የያዘ ሲሆን፣ ሁለተኛው የምስክሮችን ቃለ መሐላ ይዟል። ዛሬ ስለ ዘመኑ የፍትሕ አሠራር በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው፣ ትእዛዙን የሰጡት ባለሥልጣናት እያንዳንዱን ነገር በጽሑፍ በማስፈራቸውና ያም ጽሑፍ ተሰብስቦ በመጠበቁ ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ችሎት

ከእነዚህ ችሎቶች ሁሉ በስፋት የሚታወቀው በአቡነ ጴጥሮስ ላይ የተሰየመው ነው። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሲሆኑ፣ ጦርነቱ ሲጀመር ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ዘምተው ነበር። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ በሰላሌና በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ከአርበኞች ጋር ቆዩ።

አርበኞቹ በክረምቱ አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ያቀዱ ሲሆን፣ የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከሰሜን፣ የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ጦር ከምሥራቅ እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የተጀመረው ጥቃት በዝናቡና በተለያዩት ጦሮች መካከል መገናኛ ባለመኖሩ ሳይሳካ ቀረ። የአበራ ጦር እስከ ከተማው መሐል ቢደርስም ለማፈግፈግ ተገደደ። አቡነ ጴጥሮስ በዚሁ ጊዜ በኢጣሊያኖች እጅ ወደቁ።

በነጋታው፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በጦር ፍርድ ቤት ፊት ቀረቡ። ክሱ ሕዝቡን ለዐመፅ አነሳስተዋል የሚል ነበር። "ኮሪየሬ ዴላ ሴራ" ለተሰኘው ጋዜጣ ይሠራ የነበረው ኢጣሊያዊ ዘጋቢ ቺሮ ፖጂያሊ በስፍራው ተገኝቶ ያየውን በጽሑፍ አስቀምጧል። በስፋት እንደሚተረከው፣ ዳኛው ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስና ሌሎችም የኢጣሊያን መንግሥት ተቀብለው ሳለ እርስዎ ለምን ዐመፁ የሚል ጥያቄ አቅርቧል። አቡነ ጴጥሮስ ቄርሎስ ግብፃዊ መሆናቸውን፣ እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው ስለ ሀገራቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ኃላፊነት እንዳለባቸው መልሰዋል። ለችሎቱ ሥልጣን ዕውቅና አለመስጠታቸውንም ገልጸው፣ ተከታዮቻቸው እንዳይነኩ ብቻ ጠይቀዋል።

የተጠየቁት ጥያቄ ራሱ ትኩረት የሚሻ ነው። ዳኛው የጠየቀው ድርጊቱ መፈጸም አለመፈጸሙን አይደለም። ሌላው ከተገዛ አንተ ለምን አልተገዛህም የሚል ነው። የፖለቲካ ታማኝነት እንጂ ማስረጃ አልተመዘነም። በሌላ መንግሥት ሥር የኖረ፣ ለኢጣሊያ ምንም ዓይነት ቃል ያልገባ ሰው በኢጣሊያ ላይ ዐምፀሃል ተብሎ የሚከሰስበት የሕግ መሠረት ከሦስት ወር በፊት የወጣው የቅየጣ ዐዋጅ ብቻ ነበር። ከተያዙበት እስከ ተገደሉበት የነበረው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር በመሆኑ ይግባኝ የሚባል ነገር አልታሰበም። ፍርዱ በዕለቱ በሕዝብ ፊት ተፈጽሟል። በጎሬ የነበሩት አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል።

ለአቡነ ጴጥሮስ ቢያንስ ችሎት ተሰይሟል። የልዑል ራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ግን ያም አልተደረገላቸውም። ሁለቱ ወንድማማቾች ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገድለዋል። ሌላው ወንድማቸው ወንድ ወሰን በዚያው ወር በላስታ በኩል ተይዞ ተገደለ። የደቡቡን ጦር የመሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ደግሞ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው በጥይት ተደብድበዋል።

የካቲት 12 እና ከዚያ በኋላ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ መወርወራቸውን ተከትሎ ለሦስት ቀን የተካሄደው ጭፍጨፋ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ያደረገ ሲሆን፣ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ወደ 19 ሺህ ገምቶታል። ከፍትሕ አንጻር ሁለት ሰነዶች ይጠቀሳሉ።

አንደኛው የሙሶሊኒ ቴሌግራም ነው። የካቲት 13 ቀን የተላለፈ ሲሆን፣ በማናቸውም ምክንያት የተጠረጠሩ ሲቪሎችና የሃይማኖት ሰዎች ሁሉ ሳይውል ሳያድር በጥይት እንዲደበደቡ ያዛል። ለመገደል መጠርጠር በቂ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው በአዲስ አበባ የፋሽስት ፓርቲ ኃላፊ የነበረው ጉይዶ ኮርቴዜ የፈረመው በራሪ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የካቲት 14 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ማናቸውም የበቀል ድርጊት እንዲቆም ያዛል። በቃል ተሰጥቷል የተባለው የመግደል ፈቃድ ይካድ ይሆናል፤ በፊርማ የወጣ የማቆሚያ ትእዛዝ ግን ድርጊቱን ማስቆም የሚችል ሰው ሦስቱን ቀን ሙሉ በሥልጣኑ ላይ እንደነበር ይመሰክራል። በእነዚያ ቀናት ቤት ያቃጠሉና ሰው የገደሉ ሲቪል ኢጣሊያውያን ለፍርድ አልቀረቡም። ዜጋና ተገዥ የሚለው ክፍፍል በተግባር ይህን ይመስል ነበር።

ከጭፍጨፋው በኋላ ተራው የተማሩት ሆነ። በውጭ ሀገር ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ወጣቶች እየተለቀሙ የተያዙ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከወራት በፊት ከልዑል ራስ እምሩ ጋር እጃቸውን የሰጡ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ነበሩ። በእንግሊዝ ሀገር በመሐንዲስነት የሠለጠኑት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም በዚሁ ጊዜ ተገድለዋል። እስረኞች ከታጎሩባቸው ቦታዎች መካከል ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያና "ዓለም በቃኝ" እየተባለ የሚጠራው ወኅኒ ቤት ይገኙባቸዋል። ግራዚያኒ መጋቢት 10 ቀን ለሮም ባደረሰው ሪፖርት ጠንቋዮች፣ ተራኪዎችና ባሕታውያን የሕዝቡን መንፈስ ያውካሉ በማለት እንዲያዙና እንዲገደሉ ማዘዙን ገልጿል። እስከዚያች ቀን 70 ያህሉ "ተወግደዋል" የሚለው ቃል በሪፖርቱ ውስጥ ሰፍሯል። ትንቢት መናገር በየትኛው ሕግ የሞት ቅጣት እንደሚያስከትል አልተጠቀሰም።

የሕግ ባለሙያ በዚህ ሥራ ውስጥ የነበረው ድርሻ በግልጽ የታየው ግን በደብረ ሊባኖስ ነው። ግንቦት 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለጄኔራል ማሌቲ ባስተላለፈው ትእዛዝ የጦር ዐቃቤ ሕጉ የገዳሙ መነኮሳት የቦምቡ ድርጊት ተባባሪ መሆናቸውን የሚያስረዳ የተሟላ ማስረጃ እንዳገኘ አሳውቆት፣ መነኮሳቱ ምክትል አለቃውን ጨምሮ ያለ ልዩነት እንዲገደሉ አዟል። ስለዚህ ማስረጃው ነበረ ተባለ፤ ግን ለማንም ተከሳሽ አልተነበበም፣ አንድም መነኩሴ በፊቱ ቀርቦ አልተጠየቀበትም። ግንቦት 13 ቀን 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን መገደላቸው ለሮም ሪፖርት የተደረገ ሲሆን፣ ቀደም ሲል እንዲተርፉ ተደርገው የነበሩት 129 ዲያቆናትም ከቀናት በኋላ በደብረ ብርሃን በኩል ተገድለዋል። ሪፖርቱ በድምር 449 ሰው ያሳያል። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በቦታው ባካሄዱት ጥናት ቁጥሩ ከ1 ሺህ 400 በላይ እንደሚሆን አመልክተዋል።

ያልተከፈተው ክስ

ኢትዮጵያ ነጻነቷን ከመለሰች በኋላ እነዚህን ድርጊቶች ለፍርድ ለማቅረብ ያደረገችው ጥረት ረጅም ነበር። በለንደን የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ኢትዮጵያን በአባልነት ያላካተተ ሲሆን፣ ጦርነት የተጀመረው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው የሚለው አቋምም የኢትዮጵያን ጉዳይ ከሥልጣኑ ውጭ የሚያደርግ ነበር። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የጦርነቱ መነሻ መስከረም 1928 ዓ.ም. መሆኑን በማረጋገጡ በሩ በመጠኑ ተከፈተ።

ኮሚሽኑ ሊዘጋ ሲቃረብ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያ የ10 ሰዎችን ጉዳይ አቀረበች። ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ሌሶና፣ ኮርቴዜ፣ ጄኔራል ናዚ፣ ጄኔራል ትራኪያና ሌሎችም ይገኙበታል። ኮሚሽኑ የአብዛኞቹን ክስ ተቀበለው። ይሁንና ከአሥሩ አንድም ሰው በኢትዮጵያ ላይ በፈጸመው ወንጀል ችሎት ፊት አልቆመም። እንግሊዝ ተጠርጣሪዎቹን ለማስረከብ እንድትረዳ የቀረበላትን ጥያቄ አልተቀበለችም። ባዶሊዮ ሙሶሊኒ ከወረደ በኋላ የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ለተባባሪዎቹ መንግሥታት ጠቃሚ ሰው ነበር። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በሀገሩ የጦር ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ቢፈረድበትም፣ ክሱ ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በአዲስ አበባና በደብረ ሊባኖስ በፈጸመው አልነበረም። በዚያው ዓመት ከእስር ወጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ የመታሰቢያ ሕንጻ ሲሠራለት በኢትዮጵያና በውጭ ተቃውሞ መቀስቀሱ ይታወሳል።

በሰላሙ ውል ኢጣሊያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የተወሰነ ሲሆን፣ በኋላ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የተገኘው ካሣ ለቆቃ ግድብ ግንባታ ውሏል። ካሣው ለመንግሥት የተከፈለ እንጂ ያለ ሕግ ለተገደሉት ቤተሰቦች የተከፋፈለ አይደለም።

በሀገር ውስጥ ሕግ

የዚህ ታሪክ አሻራ በኢትዮጵያ ሕግ ላይ ይታያል። ዘር ማጥፋትን ለመከላከል የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በማጽደቅ ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ይህም የተፈጸመው ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወንጀሉን በአንቀጽ 281 አስገብቶ፣ ከዓለም አቀፉ ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችንም ከጥበቃው ሥር አድርጓል። ይህ አንቀጽ ከተጻፈ 18 ዓመት ሳይሞላው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 የሚደርሱ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ገደለ። ስለ ወሎ ረሀብና ስለ ሥልጣን አላግባብ መጠቀም እንዲያጣራ የተቋቋመው የመርማሪ ኮሚሽን ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር።

በዚህ ግድያ የዘር ልዩነት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሆኖም ከሟቾቹ መካከል ሁለቱን ስም መጥቀስ ተገቢ ይሆናል። ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ወንድሞቻቸው በፍቼና በላስታ በፋሽስቶች የተገደሉባቸው ብቸኛው የራስ ካሣ ወንድ ልጅ ነበሩ። ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ደግሞ በቡታጅራ የተገደሉት የራስ ደስታ ልጅ ናቸው። በሁለቱ ቤተሰቦች ውስጥ ያለ ፍርድ መገደል በ38 ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ደረሰ፤ በሁለተኛው ጊዜ ትእዛዙ የመጣው ከራስ ሀገር መንግሥት ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በዐዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የስድሳዎቹን ግድያ ከቀይ ሽብር ወንጀሎች ጋር አጣምሮ በአንቀጽ 281 ክስ መሠረተ። ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ የሰጠ ሲሆን፣ 12 ዓመት መፍጀቱ ብዙ ወቀሳ አስከትሎበታል። ወቀሳው መሠረት ያለው ነው። አቡነ ጴጥሮስን ለመዳኘት ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳልወሰደ ማስታወስ ይጠቅማል። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. በይግባኝ የሞት ቅጣት የወሰነ ቢሆንም፣ በእስር ላይ በነበሩት 23 የቀድሞ ባለሥልጣናት ላይ የተላለፈው ቅጣት በ2003 ዓ.ም. በርእሰ ብሔሩ ውሳኔ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት እርምጃ መውሰድን ከዘር ማጥፋት ጋር በአንድነት በሰው ልጅ ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች መድቦ፣ በይርጋ እንዳይታገድና በምሕረት እንዳይታለፍ ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 117 በፍርድ ቤት የተወሰነ የሞት ቅጣት ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው እንዳይፈጸም ያዛል።

የፋሽስቱም ሆነ የደርጉ እስረኞች ያለፉበት የዓለም በቃኝ ወኅኒ ቤት ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ጽሕፈት ቤት ተሠርቷል፤ ሕንጻው ጥር 2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ለቀላል ባቡር ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ የነበረው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና መነሻ ላይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የካዛንቺስ ነባር ቤቶች በብዛት የፈረሱት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ሲሆን፣ ሰፈሩ ግን ዛሬም የሚጠራው በዚያው የኢጣሊያ ተቋም ስም ነው።